ሦስተኛው ቀለህ

ዋልት ክሪሊ በረዶው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሲገኝ ባርኔጣው ከራሱ አልወለቀም ነበር። ፈረሱ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ የጥድ ቅርፊት ይልጣል። ምክትል ሸሪፍ ኤመት ሃውገን መኪናውን ከታች ትቶ ሁለት ሰዓት በፈረስ ወጥቶ ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። ዋልትን ሃያ ሁለት ዓመት ያውቀዋል፤ ጠመንጃ ይዞ ተራራ መውጣትን ያስተማረው ዋልት ነው። ሐዘኑን ለሌላ ቀን አቆይቶ ጓንቱን አወለቀ።

ሬሳውን ያገኘውና ወርዶ የጠራው ቬርን ታልማን ነበር፤ የዋልት የሥራ ሸሪክ፣ አዳኞችን እየመራ የሚያድር ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው ጎረምሳ መሳይ ሰው።

«እንዴት ሆነ?» አለ ሃውገን።

«ከፈረስ ሊወርድ እግሩን ሲያነሳ ጠመንጃው ከአፎቱ ሾልኮ ወደቀ። ያ ድንጋይ ላይ አርፎ ጮኸ። አንዲት ቃል እንኳ አልወጣውም፣ ኤመት።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ከኋላው። ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።»

ጠመንጃው ጥድ ላይ ተደግፏል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚይዘው ባለማንሻው ነው፤ ከምላጩ ስር ያለው ብረት ወደ ታች ሲገፋ ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ወደ ላይ ሲመለስ አዲሱን ጥይት ያጎርሳል። ሃውገን ከፈተው። ባዶ ነው።

«ነክተኸዋል?»

«ነካሁት እንጂ! አራት ጥይት አውጥቼበታለሁ፣ ይኸው። ሰው የገደለ ጠመንጃ እንደጎረሰ ይተዋል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በዚህ አውራጃ የጎረሰ ጠመንጃ ዛፍ ላይ ያስደገፈ ሰው ከማንም ጋር ማዕድ አይቀርብም። ማንም ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር።

«የተተኮሰው ቀለህስ?»

«ማንሻውን ስገፋው ተስፈንጥሮ በረዶ ውስጥ ገባ። ለቀለህ መች ልብ ነበረኝ?»

ጥይቱ በግራ ጎኑ ገብቶ ወደ ላይ ወጥቷል። መሬት ላይ ከወደቀ ጠመንጃም ሊሆን ይችላል፣ ከበታቹ ቁልቁለቱ ላይ ከቆመ ሰውም ሊሆን ይችላል። ሃውገን ሁለቱንም ማስታወሻው ላይ ጻፈ።

«ዋልት ግን አጉርሶ አይጋልብም፣ ቬርን። የአጋዘኑን ቀንድ ሳያይ አያቀባብልም። እኔን በዚህ ጉዳይ ስንት ጊዜ ነው የገሰጸኝ።»

«ጠዋት ትኩስ ዱካ አየንና አጎረሰ። ከዚያ መቺውን አውርዶ ረሳው። አርጅቷል እኮ፣ ምን ታደርገዋለህ!»

 ሁለቱ ሆነው ሬሳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ፈረሱ ላይ ጫኑት።

*

ታማራክ ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን ሌላው ጫፍ ይማርህ ይለዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሕዝቡ ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ጠመንጃውን ከዘጠኝ ቀን በፊት የጠገነው ሽማግሌው ኦቶ ብሬንደል ነው፣ ዓይኑ ደክሟል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በቃ።

ሰኞ ጠዋት ዐቃቤ ሕጉ ሌስተር ቡን ሃውገንን ቢሮው ጠራው።

«ዓርብ የሞቱን ምክንያት የሚወስነው ችሎት ይቀመጣል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብዬ አቀርባለሁ። ሱቁ ይዘጋል። ሰባ አራት ዓመት የሞላውን ሰው አላስረውም፣ አትፍራ።»

«ሱቁን ከዘጋህበት ብታስረው ይሻለዋል።»

«ሌላ ነገር አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እስከ ዓርብ ፈልግ። ካጣህ የሞቱን ሪፖርት ፈርም።»

*

ኦቶ ብሬንደል ሱቁን ከፍቶ ተቀምጧል፣ ግን ምንም አይሠራም። ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሰው ዕቃ ይመስል ያያቸዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እራቱን የሚበላው ከልጁ ከሌና ቤት ነው፤ ሌና ደግሞ የቬርን ሚስት ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ እዚያም እህል አልወርድ ብሎታል።

«አባባ ኦቶ፣ ምኑን ነበር የጠገኑለት?»

«መምቻ መርፌው ተሰብሮ ነበር። አዲስ ላስመጣልህ ብለው፣ ‹የአደኑ ወቅት ያልፍብኛል፣ አንተው ሥራልኝ› አለ። ከብረት ዘንግ በሞረድ ሞርጄ ሠራሁለት። ሁለት ጥይት ተኩሼ ሞከርኩት። ጥሩ ነበር። ጥሩ መስሎኝ ነበር።»

«ይህ ዓይነት ጠመንጃ ዝም ብሎ ይተኩሳል?»

ሽማግሌው ቀና አለ። «ስማኝ ልጄ። ይህ ጠመንጃ ጭቃ ቢውጠው ይተኩሳል፣ በረዶ ውስጥ ቢያድር ይተኩሳል። አትተኩስ ያሉት ጊዜ ደግሞ ዝም ይላል። ስድሳ ዓመት አምኜዋለሁ፣ አንድ ቀን አልከዳኝም። አሁን ያላመንኩት እጄን ነው።»

«እንሞክረው።»

«ምኑን?»

«እንጣለዋ! ከኮርቻ ቁመት።»

ኦቶ ባሩድም እርሳስም የሌለበት፣ ቂጡ ላይ ፈንጂዋ ብቻ ያለችበት ቀለህ አጎረሰ። መጀመሪያ መርፌውን የሚመታውን መቺ ግማሽ ድረስ ስበው ጣሉት፤ አገሬው ሁሉ አጉርሶ ሲይዝ የሚያደርገው እንደዚህ ነው። ሃያ ጊዜ ወደቀ። ሃያውንም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ መቺውን እስከ ታች አውርደው መርፌው ላይ አሳርፈው፣ ቬርን ዋልት አደረገ እንዳለው አድርገው ጣሉት። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ አሥራ ስምንት። ምንም። ሃውገን ሊደሰት አፉን ሲከፍት፣ በአሥራ ዘጠነኛው፣ ጧ!

ሽማግሌው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«አየህ?» አለ።

«አሥራ ዘጠነኛው እኮ ነው፣ አባባ።»

«ለዋልት አሥራ ዘጠነኛው ደረሰው።»

ሃውገን ያን ያህል የጠቆረ ፊት አይቶ አያውቅም። ከሱቁ ሲወጣ ነገሩን ያሻሻለ መስሎት ማበላሸቱ አንገበገበው። ግን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ዋልት መቺውን እስከ ታች አወረደ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህንንም ጻፈ።

*

ማክሰኞ ወደ ራስ ፔቲጆን ሄደ። ፔቲጆንና ዋልት በምንጭ ውሃ ሰበብ አራት ዓመት ሲነታረኩ ኖረዋል፤ በነሐሴ ወር ደግሞ ፔቲጆን ሰው በተሰበሰበበት «አንድ ቀን ከኮርቻህ አወርድሃለሁ» ብሎ ፎክሮ ነበር።

በሩን የከፈተው ሰው ግራ ጉንጩ እንደ ዱባ አብጧል።

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ፣ ራስ?»

«አፌን ከፍቼ! ሚዙላ ከተማ፣ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ። ሁለት መንጋጋ ነቀለኝ፣ እርጉም! ደውልለት ከፈለግክ።»

ሃውገን ደወለ። ሐኪሙ አረጋገጠ፤ ሲሳደብ ነርሷን እንዳስለቀሰም ጨመረበት።

«ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?» አለ ፔቲጆን። «እኔና ዋልት የምንጣላው በውሃ ነው። ውሃ ለሚጣላበት ሰው ጥይት አያባክንም። ይልቅ ከወቅቱ ውጪ አጋዘን እየገደለ ሥጋውን ለሆቴል የሚሸጠውን ሰው ፈልግ።»

«ማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዋልት አውቆበታል። ባለፈው ሳምንት አጥር ላይ አግኝቶኝ፣ ‹ሰኞ ለዱር እንስሳት ጥበቃው እነግራለሁ፣ ፈቃዱን ይቀማዋል› አለኝ። ስሙን ግን ዋጠው።»

«ተጣልታችሁ ይህን ነገረህ?»

«ጎረቤት አይደለሁም እንዴ? ለማን ይንገር?» አለና ፔቲጆን ድንገት ፊቱን አዞረ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጥርሴን ነው» አለ።

*

አሁን ምክንያት ተገኘ፤ ዋልት ስሙን የሚውጥለት ሰው ሸሪኩ ብቻ ነው፤ ፈቃድ ከሌለ አዳኝ መምራት የለም፣ አዳኝ መምራት ከሌለ ቬርን ታልማን ምንም አይደለም። ግን ምክንያት ማስረጃ አይሆንም። ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ የዚያች ጥይት ቀለህ የት ገባ? ቬርን እንዳለው ከሆነ በረዶው ውስጥ አለ። እንግዲያው ይገኛል።

ሃውገን አካፋ፣ የሽቦ ወንፊትና የልብስ ማጠቢያ በርሜል በበቅሎ ጭኖ ተራራ ወጣ። ሬሳው ከወደቀበት ዙሪያ በየአቅጣጫው ስምንት እርምጃ በገመድ ከለለ። በረዶውን ይዝቃል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ወንፊት ላይ የቀረውን በእሳት ያቀልጣል። ሦስት ሰዓት ከሠራ በኋላ የፈረስ ኮቴ ሰማ። ፔቲጆን ነው፣ ጉንጩን በሻርፕ አስሮ፣ አካፋ ተሸክሞ።

«ከተማው ሁሉ በረዶ ቀቃይ እያለ ይስቅብሃል» አለ። «እኔም ልስቅ መጣሁ።»

ሳይስቅ እስኪመሽ ዛቀ። ረቡዕ ደግሞ ገና ሲነጋ ጀመሩ። ቁልፍ አገኙ፣ የፈረስ ኮቴ ምስማር አገኙ፣ ደርቃ የቀረች አይጥ አገኙ። ነሐስ የለም። መሬቱ ጥቁር ሆኖ እስኪታይ ድረስ ጠረጉት፤ ነሐስ የለም።

«ምናልባት ከገመዱ ውጪ ተስፈንጥሮ ይሆናል» አለ ፔቲጆን።

«እንየዋ!»

ሃውገን የራሱን ጠመንጃ ከአፎቱ መዘዘ፤ እንደ ዋልት ጠመንጃ ባለማንሻ ነው። ቬርን ጠመንጃውን ያነሳበት ቦታ ቆመ፣ አጎረሰ፣ ጉቶ ላይ አነጣጥሮ ተኮሰ። ማንሻውን ገፋ፣ ቀለሁ ወጣ።

«የት ወደቀ?» አለ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

ሃውገን ከገመዱ ውጪ ያለውን በረዶ አየ። ቀዳዳ የለም። ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ፔቲጆን ጉንጩን ይዞ እያቃሰተ መሳቅ ጀመረ።

«አንተ ቂል! ኪስህን ፈትሽ!»

ሃውገን እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ። ቀለሁ እዚያ ነው፣ ገና ትኩስ። ተኩሶ፣ ማንሻውን ገፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ኪሱ ከቶታል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አላወቀውም። በዚህ አገር ቀለህ መሬት ላይ አይተውም፤ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ልጅ ሆነው ከኦቶ ሱቅ ሲመላለሱ ሽማግሌው እጃቸውን እየመታ አስተምሯቸዋል። ሃውገንንም፣ ፔቲጆንንም። ቬርንንም።

ፔቲጆን ሳቁን አቆመ።

«ኤመት» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቀለሁ በረዶ ውስጥ የለም እኮ።»

«የለም» አለ ሃውገን። «ራስ፣ አደራህን ይህን ለነፍስ አባትህም እንዳትናገር።»

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ኦቶ ሱቅ ገባ።

«አባባ፣ አንድ ቀለህ ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ ሊያውቁ ይችላሉ?»

«የአብዛኛውን አላውቅም። የፋብሪካ መርፌ ሁሉ ክብ አድርጎ ነው የሚወጋው።» ሽማግሌው መሳቢያውን ከፍቶ ሁለት ቀለህ አወጣ። «የእነዚህን ግን ዕውር ያውቃቸዋል። ለሙከራ የተኮስኳቸው ናቸው። ቂጣቸውን እየው።»

ሃውገን ማጉያ መነጽር አደረገ። የመርፌው ምልክት ክብ አይደለም። በአንድ ወገን ተጣሟል፣ ጫፉ ላይ የገብስ ፍሬ የምታህል ጭረት አለችው።

«አየህ ያረጀ እጅ?» አለ ኦቶ። «ሞረዱ አዳልጦኝ ነው። ይሠራል ብዬ ተውኩት። ዋልትን የገደለው ይህ ጠማማ ሥራዬ ነው።»

«ዋልት ጠመንጃውን ከወሰደ በኋላ ሌላ ተኩሷል?»

«ከሱቄ ሲወጣ አምስት ጥይት ሰጥቼዋለሁ፣ አምስቱንም ይዞ ነው የወጣው። አራቱ አንተ ጋ ናቸው።»

 ሰኞ ወድቆ ከጮኸው፣ ላይ ላዩን ብቻ ከተነካው ቀለህ በቀር፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያለባቸው ቀለሆች ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለቱ እጁ ላይ ናቸው። ሊነግረው አፉን ከፈተና መለሰው። ሽማግሌው ካወቀ የምስክርነቱ ዋጋ አበቃ፤ ዐቃቤ ሕጉ «ራሱን ለማዳን ነው» ይላል፣ ወይም ሽማግሌው ራሱ ለልጁ ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለዚህ ተወው። ሁለቱን ቀለህ ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ከዳኛው ፈቃድ ወስዶ የሦስት ሰው ባዶ ቀለህ ማጠራቀሚያ ቆርቆሮ ሰበሰበ፤ የፔቲጆንን፣ የቬርንን፣ የራሱን። ሦስቱም የአሳማ ስብ ቆርቆሮዎች፣ ሦስቱም ወረቀታቸው የተላጠ። ቬርን ሳይንገራገር አውጥቶ ሰጠው።

«በረዶው ሲያልቅብህ ወደ ነሐስ ዞርክ?» አለ እየሳቀ። «ሦስት መቶ ይሆናል። ስትጨርስ አጥበህ መልስልኝ እንጂ!»

ሌና በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። 

*

ሃውገን ቆርቆሮዎቹን ኦቶ ፊት ደረደረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በጠመኔ ጽፎባቸዋል።

«የማን እንደሆኑ አልነግርዎትም። የሚፈልጉትን ያውቃሉ።»

ሽማግሌው ገባው። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ የመጀመሪያውን ዘረገፈ። አንድ በአንድ ያነሳል፣ ያያል፣ ያስቀምጣል። እጁ ሲንቀጠቀጥ የነበረው የት እንደሄደ እንጃ፣ ጸጥ ብሏል። አንደኛው አለቀ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ዘረገፈ። ግማሽ ላይ አንዱን አንስቶ ቆየ። አስቀመጠው። መልሶ አነሳው። ከሁለቱ የሙከራ ቀለሆች አጠገብ አቆመው።

«የእኔ መርፌ ነው» አለ።  «ኤመት፣ የእኔ መርፌ ነው! ሰኞ ጥለነው የጮኸው ቀለህ ላይ ላዩን ነው የተነካው፣ ይህ ግን ጠልቆ ተወግቷል፤ ጠመንጃው መሬት ላይ አልጮኸም ማለት ነው። ሰው ተኩሶ፣ ማንሻ ገፍቶ፣ ቀለሁን አንስቷል! እኔ አይደለሁም! እጄ አይደለም!»

ሃውገንን በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። በጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል፣ አፉ ይስቃል። ከዚያ ሳቁ በዝግታ ጠፋ።

«ሁለተኛው ቆርቆሮ የማን ነው?»

ሃውገን የቀሩትን ቀለሆች ወደ ቆርቆሮው መመለስ ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣ የማን ነው ብዬሃለሁ።»

«የቬርን ነው፣ አባባ።»

 ሽማግሌው ቀለሁን አንስቶ በመዳፉ ጨበጠው።

«ያለ እርስዎ ቃል ምንም የለኝም» አለ ሃውገን። ይህን መናገር ግዴታው አልነበረም፤ ግን ሰው ነው፣ አላስቻለውም። «አላወቅኩትም ካሉኝ ቆርቆሮውን እመልሳለሁ። ነገ ዓርብ ነው፣ ችሎቱ በእርስዎ ላይ ይወስናል። ያንን ያውቃሉ።»

«ሌና ሁለት ልጅ አላት።»

«አውቃለሁ።»

ኦቶ ቀለሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የብረት መጫሪያውን አንስቶ ቀለሁ ጎን ላይ ስሙን ጫረበት፤ የሚያውቀውን ዕቃ ሁልጊዜ ምልክት እንደሚያደርግበት። ሃውገን ያዘጋጀውን የምስክርነት ወረቀትም ስቦ ፈረመ። ፊርማው ቀጥ ያለ ነበር።

«ዋልትም ሰው ነበረው» አለ። «ኮቴን አቀብለኝ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

*

ቬርን ከጓሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሁለቱን አብረው ሲያያቸው መጥረቢያውን ጉቶው ላይ ሰክቶ ቆመ። ሃውገን ቀለሁን በመዳፉ አሳየው።

«ዋልት ሰኞ ሊናገርብህ ነበር፣ አይደል?»

«ለመንኩት» አለ ቬርን። ፊቱ አመድ መስሏል። «ተንበርክኬ ለመንኩት ኤመት፣ እምቢ አለ። ከዚያ የራሱን ጠመንጃ ከኮርቻው አፎት መዝዤ... ቀለሁን ማንሳቴን እንኳ አላወቅኩም። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ነው ኪሴ ውስጥ ያገኘሁት። ከሌሎቹ ጋር ሲቀላቀል ማን ይለየዋል ብዬ...»

«ቬርን» አለ ሽማግሌው። «የቀረውን ኤመት ይጠይቅህ። እኔ አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። አምስት ቀን ሙሉ እራት ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሃል። እጄን እያገላበጥኩ ሳይ፣ እህል አልወርድ ሲለኝ፣ አይተኸኝ ነበር?»

ቬርን መሬት መሬት አየ።

«አየሁዎት» አለ።

«እሺ።»

 ሃውገን ቬርንን በካቴና አስሮ ወደ መኪናው ይዞት ሄደ።

ሌና ከኩሽናው በር ወጣች። ስንቱን እንደሰማች አይታወቅም፤ ፊቷ ግን ሁሉንም እንዳወቀች ይናገራል። የባሏን ወፍራም ኮት ይዛ መኪናው ድረስ ሄዳ ለሃውገን በመስኮቱ ሰጠችው። ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

ከዚያ ወደ አባቷ ተመለሰች።

«አላውቅም ማለት ትችል ነበር?»

«እችል ነበር።»

«አንተ ነህ የፈረምከው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ለረጅም ጊዜ አየችው። ሽማግሌው ዓይኑን አልሰበረም፤ ብትመታው ሊቀበል፣ በሩን ብትዘጋበት በእግሩ ወደ ከተማ ሊመለስ ተዘጋጅቶ ቆሟል።  ሌና ወደ ኩሽናው ዞረች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ቆመች።

«ግባ እንጂ አባዬ» አለች ጀርባዋን ሰጥታ፤ «ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ ብቻዬን አልነግራቸውም።»